የሲ ፈንክሽን ፓራሜትር ታይፕን ቱሎች እንዴት ያነቡታል? ከጽሑፉ እስከ እውነተኛው ታይፕ

በሲ ኮድ ውስጥ ፓራሜትሩ (ፈንክሽኑ የሚቀበለው እሴት) ላይ የተጻፈው ታይፕ (የእሴቱ ዓይነት) እና ኮምፓይለሩ በመጨረሻ የሚይዘው ታይፕ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። አሬይ (የተደረደሩ እሴቶች) ብላችሁ የጻፋችሁት ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ሆኖ ይገኛል። ኢንት የመሰላችሁ ወደ ፈንክሽን የሚጠቁም ፖይንተር ሊሆን ይችላል። መጠንና ብዛት የሚያዝበት ሳይዝ_ቲ ደግሞ እንደ ማሽኑ ይለያያል። ይሄን የማያውቅ ሰው ሰነድ የሚያወጣ፣ ከፓይተን ጋር የሚያገናኝ ወይም ኮድ የሚመረምር ቱል ሲጠቀም ግራ ይጋባል። ራሱ ቱል ለመጻፍ ከተነሣማ ጭራሽ ስሕተቱን ለሌሎች ያስተላልፋል።

እዚህ አዳማ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ኮድ ስናይ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል። በቅርቡ አንዷ ስክሪኗን አዙራ አሳየችኝና፣ «ቲቸር፣ ቱሉ 34ቱን በላብኝ!» አለችኝ። አሬዩን ባለ 34 አድርጋ ጽፋለች፤ ቱሉ ያሳያት ግን ፖይንተር ብቻ ነው። ቱሉ ልክ ነበር። 34ቱ የት እንደገባ ለማሳየት ግን መንገዱን ከመጀመሪያው መከተል ያስፈልጋል፤ አሁን የምናደርገውም እሱን ነው። አንድ ነገር ብቻ በአእምሯችሁ ያዙ፦ አንድ ቱል ታይፕ ሲነግራችሁ፣ «የትኛው ደረጃ ላይ ቆሞ ነው ይሄን ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሚያስፈልጋችሁ

ክላንግ የሚባለው ኮምፓይለር ይበቃል። ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ክላንግ» በሉ። ላፕቶፕ የሌላችሁ አንድሮይድ ስልካችሁ ላይ ተርመክስን ጭናችሁ «ፒኬጂ ኢንስቶል ክላንግ» ማለት ትችላላችሁ። መብራት ሲሄድም ሥራው አይቆምም። በስልክ መሥራት አንድ ሌላ ጥቅምም አለው፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ኮዱንና ትዕዛዞቹን እዚህ በፊደላችን በድምፃቸው ነው የጻፍኳቸው። ኪቦርዱ ላይ በተለመደው የላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። እኔ ያወጣኋቸውን ስሞች፣ ማለትም የፈንክሽኑንና የፓራሜትሮቹን፣ ክላንግ በአማርኛም ይቀበላል። ጂሲሲ የሚባለው ሌላው ኮምፓይለርም ከ10ኛው ቨርዥን ጀምሮ ይቀበላል። ቢሆንም በላቲን ጻፏቸው፤ በኋላ ከምናያቸው ቱሎች መካከል የአማርኛ ስም ሲያይ የሚቆም አለ።

ምሳሌያችንን ከአጠገባችን እንውሰድ። ኮረብታው ላይ የሚታየው የአዳማ 1 የንፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይኖች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 51 ሜጋ ዋት። ከእያንዳንዱ ተርባይን አንድ የንፋስ ፍጥነት ንባብ ደረሰን እንበልና አማካዩን እናስላ። ፋይሉን ንፋስ.ሲ ብላችሁ አስቀምጡት፦

#ኢንክሉድ <ኤስቲዲዴፍ.ኤች>
#ዲፋይን ተርባይን 34

ታይፕዴፍ ፍሎት ፍጥነት;

ደብል አማካይ(ኮንስት ፍጥነት ንባብ[ተርባይን], ሳይዝ_ቲ ብዛት)
{
    ደብል ድምር = 0;
    ፎር (ሳይዝ_ቲ አይ = 0; አይ < ብዛት; አይ++)
        ድምር += ንባብ[አይ];
    ሪተርን ድምር / ብዛት;
}

ሁለት ፓራሜትር ብቻ ነው። ግን ማክሮ (በዲፋይን የወጣ ስም) አለ፣ ታይፕዴፍ (ለታይፕ የወጣ ሌላ ስም) አለ፣ አሬይ አለ፣ ኮንስት (አይለወጥም የሚል ምልክት) አለ፣ ከሌላ ፋይል የመጣ ታይፕም አለ። ሁሉም በተለያየ ደረጃ ነው የሚፈቱት።

ደረጃ 1፦ ፕሪፕሮሰሰሩ ምን ነካ?

ኮምፓይለሩ ታይፕ ማንበብ ከመጀመሩ በፊት ፕሪፕሮሰሰሩ ጽሑፉን ያስተካክላል። ውጤቱን ለማየት፦

ክላንግ -ኢ ንፋስ.ሲ

ይቺ «ኢ» ትልቋ ናት። ከላይ ከኤስቲዲዴፍ.ኤች የመጣ ነገር ይዘረገፋል፤ እሱን እለፉና የራሳችሁን ፈንክሽን ፈልጉ። «ተርባይን» የሚለው ቃል ጠፍቶ በቦታው 34 ተተክቷል። «ፍጥነት» ግን እንዳለ ነው። ምክንያቱም ፕሪፕሮሰሰሩ ስለ ታይፕ የሚያውቀው ነገር የለም። ሥራው ጽሑፍ መተካት ብቻ ነው፤ ታይፕዴፍ ለእሱ እንደማንኛውም ቃል ነው።

ከዚህ ደረጃ አንድ ቁም ነገር ያዙ። ፕሪፕሮሰሰሩን የማያስሄድ ቱል ማክሮውን በስሙ ነው የሚያየው። የሚያስሄድ ቱል ደግሞ ቁጥሩን እንጂ ስሙን በቀላሉ አያገኘውም። አንዱ «ንባብ[ተርባይን]»፣ ሌላው «ንባብ[34]» ቢላችሁ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የቆሙበት ቦታ ነው የተለያየው።

ትልልቅ ፕሮጀክት ላይ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ሄደሮቹ (በኢንክሉድ የሚገቡት ፋይሎች) የት እንዳሉ የሚነግሩት የኮምፓይለር አማራጮች ከሌሉ ቱሉ ግማሽ ፋይል ነው የሚያነበው። ክላንግ ደግሞ የማያውቀው የታይፕ ስም ሲገጥመው ስሕተት መኖሩን ይናገርና፣ ሥራውን ለመቀጠል ሲል ኢንት ብሎ ይይዘዋል። ስሕተቱን ሳታዩ ውጤቱን ብቻ ካነበባችሁ፣ አንድ ስትራክት (የብዙ እሴቶች ጥቅል) የሚቀበል ፈንክሽን «ኢንት ይቀበላል» ተብሎ ይመዘገባል። በጣም መጥፎ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም መልሱ ትክክለኛ ይመስላል። መድኃኒቱ ፕሮጀክቱ የሚገነባበትን ትዕዛዝ ለቱሉም መስጠት ነው። ሲሜክ የምትጠቀሙ ከሆነ «ሲሜክ_ኤክስፖርት_ኮምፓይል_ኮማንድስ» የሚለውን «ኦን» አድርጉት፤ ኮምፓይል_ኮማንድስ.ጄሰን የሚባል ፋይል ይወጣላችኋል። በሜክ ለሚገነባ ፕሮጀክት ደግሞ ቤር የሚባለው ቱል ያንኑ ፋይል ያዘጋጃል።

ደረጃ 2፦ ቶከኖቹ፣ እና ታይፕዴፍ የሚፈጥረው ጣጣ

ጽሑፉ ከተዘረገፈ በኋላ ወደ ቶከን፣ ማለትም ወደ ነጠላ ቃላትና ምልክቶች፣ ይቆራረጣል።

ክላንግ -ኤፍሲንታክስ-ኦንሊ -ኤክስክላንግ -ደምፕ-ቶከንስ ንፋስ.ሲ

«ኮንስት» ቁልፍ ቃል መሆኑ ታውቆ ለብቻው ይወጣል። «ፍጥነት» እና «ንባብ» ግን ሁለቱም «አይደንቲፋየር» ተብለው ነው የሚወጡት። ታዲያ አንዱ ታይፕ፣ ሌላው የፓራሜትር ስም መሆኑን ፓርሰሩ (ሰዋስውን የሚያነበው ክፍል) በምን ያውቃል? ከላይ ያለፈውን ታይፕዴፍ መዝግቦ ስለያዘ ነው። የሲ ሰዋስው ያለዚህ መዝገብ አይነበብም። ለምሳሌ፦

ሀ * ለ;

«ሀ» ታይፕ ከሆነ ይሄ «ለ» የሚባል ፖይንተር ማወጃ ነው። «ሀ» ቫሪያብል ከሆነ ደግሞ ማባዛት ነው። ጽሑፉ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት።

በፓራሜትር ላይ ይሄ የባሰ ይሆናል። ይሄን ተመልከቱ፦

ኢንት ሞክር(ኢንት (ፍጥነት));

«ፍጥነት» የሚባል ታይፕ ከላይ ካልታወጀ፣ ይሄ ስሙ «ፍጥነት» የሆነ ኢንት ፓራሜትር ነው። ቅንፉ ትርፍ ነው። እንደኛ ፋይል ታይፕዴፍ ካለ ግን ስታንዳርዱ በግልጽ ይደነግጋል፦ ስሙ እንደ ታይፕዴፍም እንደ ፓራሜትር ስምም ሊነበብ ከቻለ፣ እንደ ታይፕዴፍ ይነበብ። ስለዚህ ፓራሜትሩ «ፍጥነት ተቀብሎ ኢንት የሚመልስ ፈንክሽን» ይሆናል፤ እሱም ወደ ፖይንተር ይቀየራል። ሩቅ ያለች አንድ መስመር ታይፑን ከሥሩ ትለውጠዋለች።

ለዚህ ነው የሲ ፓራሜትርን በሬጉላር ኤክስፕረሽን (የጽሑፍ ቅርጽ እየፈለገ) ብቻ ለማንበብ የሚሞክር ስክሪፕት ላይ እምነት የሌለኝ። በራሳችሁ ንጹሕ ፋይል ላይ ይሠራል። የሰው ኮድ ላይ ሲደርስ ይወድቃል።

ደረጃ 3፦ ማወጃውን ከስሙ ጀምሮ ማንበብ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ተለማመዱ። የሲ ማወጃ ከግራ ወደ ቀኝ አይነበብም። ከስሙ ተነስቶ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ የሚዘጋ ቅንፍ ሲገጥም ወደ ግራ፣ ከዚያ ከቅንፉ ወጥቶ እንደገና ወደ ቀኝ ነው። ፓርሰሮችም በውስጣቸው የሚከተሉት ይሄንኑ ቅደም ተከተል ነው።

ሁላችንም የምናውቀውን፣ አሬይ በቅደም ተከተል የሚደረድረውን ኪውሶርት ውሰዱ፦

ቮይድ ኪውሶርት(ቮይድ *ቤዝ, ሳይዝ_ቲ ኤንሜምብ, ሳይዝ_ቲ ሳይዝ, ኢንት (*ኮምፓር)(ኮንስት ቮይድ *, ኮንስት ቮይድ *));

ስንት ፓራሜትር አለው? በኮማ የሚቆርጥ ስክሪፕት አምስት ይላችኋል። ትክክለኛው አራት ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው ኮማ የውስጠኛው ፈንክሽን ንብረት ናት። ስለዚህ ቱል የምትጽፉ ከሆነ ቢያንስ የቅንፍ ጥልቀት ቁጠሩ፤ ጥልቀቱ ዜሮ የሆነበት ኮማ ብቻ ነው ፓራሜትር የሚለየው።

አሁን አራተኛውን እናንብብ። ስሙ «ኮምፓር» ነው። ወደ ቀኝ ስንሄድ ወዲያው የሚዘጋ ቅንፍ አለ፤ ስለዚህ ወደ ግራ እንመለሳለን። ኮከብ አለች፦ «ኮምፓር ፖይንተር ነው»። ከቅንፉ እንውጣ። በቀኝ ሌላ ቅንፍ ተከፍቷል፦ «ሁለት ኮንስት ቮይድ ፖይንተር ወደሚቀበል ፈንክሽን የሚጠቁም»። በግራ የቀረው ኢንት ነው፦ «ኢንት የሚመልስ»። አለቀ።

ኮከቧን የያዘውን ቅንፍ አንሱት እስቲ፦

ኢንት *ኮምፓር(ኮንስት ቮይድ *, ኮንስት ቮይድ *)

አሁን ከስሙ ወደ ቀኝ ስንሄድ የምናገኘው የተከፈተ ቅንፍ ነው። ስለዚህ ኮምፓር ፈንክሽን ነው፤ የሚመልሰው ደግሞ ወደ ኢንት የሚጠቁም ፖይንተር። ሁለት ቅንፍ ብቻ ነው የጎደለው፤ ታይፑ ግን ሌላ ሆነ።

ውስጠኞቹ ሁለት ፓራሜትሮች ስም እንደሌላቸውም አስተውሉ። በፕሮቶታይፕ (አካል በሌለው ማወጃ) ላይ ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። ስም የግድ አለ ብሎ የሚጀምር ፓርሰር የመጨረሻውን ቃል እንደ ስም ይወስድና ታይፑን ያበላሻል። ስም በሌለበት ማንበብ የሚጀመረው ስሙ ሊገባበት ከሚችለው ቦታ ነው፤ «ኮንስት ቮይድ *» ላይ ያ ቦታ ከኮከቧ ቀጥሎ ነው።

መልሳችሁን ማረጋገጥ ስትፈልጉ ሲዴክል የሚባለው አሮጌ ቱል ማወጃውን ወደ ተራ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ይፈታላችኋል። መጀመሪያ ራሳችሁ አንብቡ፣ ከዚያ እሱን ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ማስተካከያው፣ 34ቱ የሚጠፋበት ቦታ

ማወጃው ከተነበበ በኋላ ሲ ለፓራሜትር ብቻ የሚሠራ ሕግ አለው። ታይፑ «የ... አሬይ» ከሆነ «ወደ... የሚጠቁም ፖይንተር» ይሆናል። ታይፑ ፈንክሽን ከሆነ ወደዚያ ፈንክሽን የሚጠቁም ፖይንተር ይሆናል። በቃ፣ 34ቱ የጠፋው እዚህ ነው። እነዚህ ሦስቱ ለኮምፓይለሩ አንድ ናቸው፦

ደብል አማካይ(ኮንስት ፍጥነት ንባብ[34], ሳይዝ_ቲ ብዛት);
ደብል አማካይ(ኮንስት ፍጥነት ንባብ[], ሳይዝ_ቲ ብዛት);
ደብል አማካይ(ኮንስት ፍጥነት *ንባብ, ሳይዝ_ቲ ብዛት);

ይሄ የፈተና ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ውጤት የሚያበላሽ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው «ብዛት» የሚለውን ፓራሜትር ትቶ ፈንክሽኑ ውስጥ እንዲህ ቢል፦

ሳይዝ_ቲ ብዛት = ሳይዝኦፍ(ንባብ) / ሳይዝኦፍ(ንባብ[0]);

ከፈንክሽኑ ውጭ፣ አሬዩ በታወጀበት ቦታ፣ ይሄ 136 ለ 4 ተካፍሎ 34 ይሰጣል። ፈንክሽኑ ውስጥ ግን «ንባብ» ፖይንተር ነው። በ64 ቢት ማሽን ላይ ፖይንተር 8 ባይት ነው። 8 ለ 4 ሲካፈል 2። ከ34 ተርባይኖች የሁለቱን ብቻ አማካይ ያወጣል ማለት ነው። ፕሮግራሙ አይወድቅም፣ ቁጥሩም ጤነኛ የንፋስ ፍጥነት ይመስላል። ጂሲሲም ክላንግም በዚህ ላይ ያስጠነቅቃሉ፤ እባካችሁ ማስጠንቀቂያዎችን አታጥፉ።

የሚቀየረው የውጭኛው አሬይ ብቻ መሆኑንም ልብ በሉ። ለ34 ተርባይን የ24 ሰዓት ንባብ የሚይዝ «ፍሎት ሠንጠረዥ[34][24]» ፓራሜትር ቢሆን፣ «ፍሎት (*ሠንጠረዥ)[24]» ይሆናል። ማለትም ባለ 24 አሬይ ወደሆነ ነገር የሚጠቁም ፖይንተር። 34ቱ ይሄዳል፣ 24ቱ ይቀራል። ኮከብ ኮከብ፣ ማለትም «ፍሎት **» ነው ብሎ የሚተረጉም ቱል ካያችሁ ተሳስቷል። ሜሞሪው ላይ ያለው አቀማመጥ ጨርሶ ሌላ ነው።

መጠኑ እንዲከበር የምትፈልጉ ሁለት መንገድ አላችሁ። የመጀመሪያው ከሲ99 ጀምሮ ያለው «ንባብ[ስታቲክ 34]» ነው። ጠሪው ቢያንስ 34 አባላት እንዲያቀርብ ቃል ያስገባዋል፤ ክላንግም ጠባብ አሬይ ስትሰጡት ያስጠነቅቃል። ታይፑ ግን አሁንም ፖይንተር ነው። ሁለተኛው «ፍጥነት (*ንባብ)[34]» ብሎ ወደ ሙሉው አሬይ የሚጠቁም ፖይንተር መቀበል ነው። በዚህኛው 34ቱ የታይፑ አካል ሆኖ ይቀራል፣ ሳይዝኦፍ(*ንባብ)ም 136 ይሰጣል። ትንሽ ያስጠላል ሲጻፍ፤ ግን መጠኑ የማይለወጥ ነገር ላይ እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

ኮንስት ላይም አንድ ሕግ አለ። «ኮንስት ኢንት ቁጥር» የሚቀበል ማወጃ እና «ኢንት ቁጥር» የሚቀበል ማወጃ አንድ ዓይነት ፈንክሽን ናቸው። የፓራሜትሩ የራሱ ኮንስት ፈንክሽኑ ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ለጠሪው ለውጥ የለውም። ኮንስቱ ከፖይንተሩ በስተጀርባ ላለው ነገር ሲሆን ግን ታይፑን ይለውጣል። «ኮንስት ቻር *» እና «ቻር *» የተለያዩ ናቸው፤ «ቻር *ኮንስት» ግን ለጠሪው ከ«ቻር *» ጋር እኩል ነው። ሄደሩ ላይና ሲ ፋይሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቃል በቃል አነጻጽሮ «አይመሳሰሉም» የሚል ቱል ይሄን ካላወቀ በሐሰት ይከሳችኋል።

ደረጃ 5፦ ዛፉን ማንበብ

አሁን ኮምፓይለሩ የደረሰበትን፣ ኤኤስቲ ከሚባለው የኮዱ ዛፍ፣ ከራሱ አፍ እንስማ።

ክላንግ -ኤፍሲንታክስ-ኦንሊ -ኤክስክላንግ -ኤኤስቲ-ደምፕ ንፋስ.ሲ | ግሬፕ ፓርምቫርዴክል

ሁለት መስመር ይወጣል፣ ለእያንዳንዱ ፓራሜትር አንድ። በመጀመሪያው ላይ «ንባብ» ቀጥሎ «ኮንስት ፍጥነት *» ታያላችሁ። አሬዩ የለም። በሁለተኛው ላይ «ብዛት» ቀጥሎ «ሳይዝ_ቲ»፣ ከዚያ ኮሎን፣ ከዚያ «አንሳይንድ ሎንግ» ይላል፤ ሊኑክስ ባለ 64 ቢት ላይ ከሆናችሁ። ከኮሎኑ በፊት ያለው እናንተ የጻፋችሁት ስም ነው። ከኋላ ያለው ታይፕዴፉ ሲፈታ የሚገኘው ነው።

«ፍጥነት» ግን ለምን ወደ ፍሎት አልተፈታም? ደምፑ የሚፈታው ከላይ ያለውን ሽፋን ስለሆነ ነው። «ፍጥነት» ያለው ከፖይንተሩ ሥር ነው። እስከ ታች የተፈታውን የምትፈልጉ ከሆነ ካኖኒካል ታይፑን መጠየቅ አለባችሁ፤ እሱ «ኮንስት ፍሎት *» ነው።

የራሳችሁን ቱል በፓይተን ለመጻፍ ሊብክላንግን (ክላንግን ከሌላ ፕሮግራም የሚያስጠራውን ላይብረሪ) በፒፕ ጫኑት። መንገዱ አጭር ነው፦ ኢንዴክስ ፍጠሩ፣ ፋይሉን ከኮምፓይለር አማራጮቹ ጋር ፓርስ አድርጉ፣ የፈንክሽን ማወጃ የሆኑትን የዛፉን ነጥቦች ፈልጉ፣ በእያንዳንዱ ላይ «ጌት_አርጊውመንትስ» ጥሩና የእያንዳንዱን «ታይፕ» እና የታይፑን «ጌት_ካኖኒካል» አትሙ። ሁሉን ከማድረጋችሁ በፊት ግን «ዳያግኖስቲክስ» የሚለውን ዝርዝር እዩ። ስሕተት ካለበት ውጤቱን አትመኑት፤ ደረጃ 1 ላይ ያልኩት የውሸት ኢንት እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

እዚህ የሚያስገርም ነገር ይገጥማችኋል። የትዕዛዝ መስመሩ ደምፕ ፖይንተር ያለውን ያንኑ ፓራሜትር ሊብክላንግ አሬይ ነው ብሎ ይመልስላችኋል፣ 34ቱን ጨምሮ። የተለወጠውን ታይፕ ሳይሆን የመጀመሪያውን ለማሳየት ተብሎ የተሠራ ነው። ሰነድ ለሚያወጣ ሰው ይሄ ጥሩ ነው፤ 34 የሚለው መረጃ ይቀርለታል። ከሌላ ቋንቋ ጋር የሚያገናኝ ኮድ ለሚያመነጭ ግን ወደ ፖይንተር መቀየሩ የራሱ ሥራ ይሆናል። ካልቀየረው በአድራሻው ፈንታ 136 ባይቱን ገልብጦ የሚያስተላልፍ ኮድ ሊጽፍ ነው። የተማሪዬም ግራ መጋባት የተባባሰው ሌላ ቱል አሬዩን ስላሳያት ነበር።

ሌሎቹ ቱሎች የት ይቆማሉ?

የኮድ ስሞችን ማውጫ የሚያዘጋጀው ዩኒቨርሳል ሲታግስ ፕሪፕሮሰሰሩን እንደ ኮምፓይለር አያስሄድም። ፊርማውን እንዲያወጣ ስታዙት ጽሑፉን ከነ «ተርባይን» ነው የሚሰጣችሁ። ኮድ ውስጥ ለመዘዋወር ፈጣንና በቂ ነው። ታይፕ ለማወቅ አትጠይቁት።

ትሪሲተር ኤዲተሮች ውስጥ ቀለም የሚቀባው ነው። ሄደር አይከፍትም፤ የትኛው ስም ታይፕ እንደሆነ ከአቀማመጡ ይገምታል። ያልተሟላ ኮድ ላይም ይሠራል፤ ለኤዲተር የሚያስፈልገውም ያ ነው።

ፓይሲፓርሰር በንጹሕ ፓይተን የተጻፈ ነው። አስቀድሞ ፕሪፕሮሰስ የተደረገ ፋይል ይፈልጋል። ታይፕዴፍን ይመዘግባል፣ ማስተካከያውን ግን አያደርግም፤ ፓራሜትሩ በዛፉ ላይ አሬይ ሆኖ ይቀመጣል። የአማርኛ ስም ሲያይ የሚቆመውም እሱ ነው። በሶርስ ኮዱ ውስጥ አብረውት የሚመጡ የማስመሰያ ሄደሮች አሉ፤ እውነተኞቹን መክፈት እንዳይቸግረው የተዘጋጁ ናቸው። እነሱ ውስጥ ሳይዝ_ቲ «ታይፕዴፍ ኢንት» ተብሎ ነው የታወጀው። ለፓርሰሩ «ይሄ ስም ታይፕ ነው» ማለት ብቻ ስለሚበቃው ነው። ያንን ታይፕዴፍ ተከትላችሁ «ሳይዝ_ቲ ባለ ምልክት 4 ባይት ነው» ብላችሁ ከደመደማችሁ ግን ተሳሳታችሁ።

ጂዲቢ የሚባለው ዲበገር ደግሞ ሶርሱን ሳይሆን ኮምፓይለሩ «-ጂ» ሲባል ያስቀመጠውን፣ ድዋርፍ የሚባል የዲበግ መረጃ ነው የሚያነበው። «ዋትኢዝ አማካይ» ብትሉት «ደብል (ኮንስት ፍጥነት *, ሳይዝ_ቲ)» ይላል። የታይፕዴፍ ስሞቹ አሉ፣ 34ቱ የለም፤ ማስተካከያው ካለፈ በኋላ የተጻፈ መረጃ ስለሆነ።

ደረጃ 6፦ ባዶ ቅንፍ እና የስታንዳርዱ ዓመት

«ኢንት ጀምር()» የሚለው ማወጃ ምን ይቀበላል? መልሱ በየትኛው ስታንዳርድ እንደምታነቡት ይወሰናል። እስከ ሲ17 ድረስ «ፓራሜትሩ አልተገለጸም» ማለት ነው። በሲ23 «ምንም አይቀበልም» ማለት ሆኗል፣ ልክ «(ቮይድ)» እንደማለት። ጂሲሲ 15 ምንም ካልተባለ በሲ23 ነው የሚያነበው። ክላንግ ግን በሲ17 ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ፋይል፣ ሁለት ኮምፓይለር፣ ሁለት ትርጉም። «-ስትድ=ሲ17» ወይም «-ስትድ=ሲ23» እያላችሁ በግልጽ ንገሩት። የራሳችሁ ኮድ ላይ ደግሞ «(ቮይድ)» ጻፉ፤ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

ከ1989ኙ ስታንዳርድ በፊት የነበረው አጻጻፍ፣ ቅንፉ ውስጥ ስም ብቻ ተጽፎ ታይፑ ከታች የሚመጣበት፣ በሲ23 ተወግዷል። አሮጌ ኮድ ውስጥ ግን አሁንም ታገኙታላችሁ። በዚያ አጻጻፍ ፍሎት ሲተላለፍ ወደ ደብል፣ ቻር እና ሾርት ወደ ኢንት ከፍ ይላሉ። ፕሪንትኤፍን ስትጠሩ በማወጃው ሦስት ነጥቦች («...») በኩል የሚያልፉትም እንደዚያው ናቸው።

ደረጃ 7፦ ለየትኛው ማሽን?

የታይፑ ስም ሲታወቅ ሥራው ያለቀ ይመስላል። መጠኑ ግን ገና ነው። ያንኑ ፋይል ለሌላ ማሽን እንደምታዘጋጁ አድርጋችሁ አንብቡት፦

ክላንግ --ታርጌት=ኤክስ86_64-ፒሲ-ዊንዶውስ-ኤምኤስቪሲ -ኤፍሲንታክስ-ኦንሊ -ኤክስክላንግ -ኤኤስቲ-ደምፕ ንፋስ.ሲ

አሁን «ብዛት» ከኮሎኑ በኋላ «አንሳይንድ ሎንግ ሎንግ» ሆኗል። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሎንግ 4 ባይት ስለሆነ ነው፤ ሊኑክስ ላይ 8 ነው። ኤቪአር ፕሮሰሰር ያለው አርዱዊኖ ኡኖ አር3 ላይ ለምትሠሩ ደግሞ ኢንት ራሱ 2 ባይት ነው፤ ከ32767 በላይ አይቆጥርም። ታርጌቱን ኤቪአር ካላላችሁት ቱሉ የላፕቶፑን መጠን ይነግራችኋል።

ስልክ ላይ መሥራት ጥቅም አለው ያልኩትም ለዚህ ነው። አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ ኤአርኤም ፕሮሰሰር ነው ያለው። እዚያ ላይ ምልክቱ ያልተገለጸ «ቻር» ከ0 እስከ 255 ይይዛል። ላፕቶፓችሁ ላይ ከ-128 እስከ 127 ነው። ቻር የሚቀበል ፈንክሽን ጻፉና 200 አስተላልፋችሁ በኢንትነቱ አትሙት፤ ተርመክስ ላይ 200፣ ላፕቶፑ ላይ -56 ታያላችሁ። የፓራሜትሩን የእሴት ወሰን የሚያሰላ ቱል የምትጽፉ ከሆነ ታርጌቱን ከተጠቃሚው ጠይቁ፤ ቱሉ ከሚሮጥበት ማሽን አትውሰዱት።

ቱላችሁን ለመፈተን እነዚህን ማወጃዎች በአንድ ፋይል ሰብስቡ፦ ባለ 34 አሬይ፣ እንደ [34][24] ያለ ሠንጠረዥ፣ ኪውሶርት፣ ስም የሌለው ፓራሜትር፣ «ኢንት (ፍጥነት)» ታይፕዴፉ ባለበትም በሌለበትም፣ ሁለቱም ዓይነት ኮንስት፣ ባዶ ቅንፍ፣ እና ሄደሩ ሆን ተብሎ የጠፋ አንድ ታይፕ። የክላንግን ደምፕ አጠገቡ ክፈቱና መስመር በመስመር አነጻጽሩ። ልዩነት ባያችሁበት ቦታ ከላይ ካሉት ደረጃዎች የትኛው እንደተዘለለ ፈልጉ። የመጨረሻውን፣ ሄደር የሌለውን፣ በተለይ እዩት፤ ቱላችሁ ስሕተቱን ሳይናገር ኢንት ካለ ማስተካከል የምትጀምሩት ከእሱ ነው።